ከሃምቡርግ እስከ ገሱባ

እስቲ ጠጋ በሉ። ነሐሴ 1960 ዓ.ም ነው። ጀርመን፣ ሃምቡርግ ከተማ 25 ኢትዮጵያውያን በር ዘግተው ተሰብስበዋል። ተነጋግረው ሲነሡ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ ተመሥርቷል፤ በኋላ አገር ሁሉ መኢሶን ያለው። የምስጢር ድርጅት ነውና ስሙ ለዓመታት አደባባይ አልወጣም።

በዚያው ክረምት የወላይታዋ ገሱባ ጭሰኛ ሃምቡርግን ከየት ያውቃታል? እሱ የሚያውቀው እንሰቱን ነው። እንሰት ዘንድሮ ተክለውት ለከርሞ አይበላም፤ ቆጮ እስኪወጣው ዓመታት ይፈልጋል። ባለርስቱ በመሐል «ልቀቅ» ካለ፣ ኮትኩቶ ያሳደገውን ለሌላ ትቶ መነሣት ነው። ይህችን ያዙልኝ። ተማሪው ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» እያለ ሲሰለፍ፣ ነገሩ የዚህ ሰው ጓሮ ጉዳይ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጁ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፣ ጭሰኛው ለባለርስቱ ያለበት ዕዳ ተሰረዘ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ ተከለከለ። የእድገት በኅብረት ተማሪ ዘማቾች በየገጠሩ ገብተው ገበሬውን በማኅበር አደራጁ፤ አንዱ ማኅበር 20 ጋሻ። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን ያወጀው ወታደሩ፣ ደርጉ፣ ነው።

ይህ ነው ምሁራኑን ያባላቸው። መኢሶን «እየተቸን እንደግፈው፣ እስከዚያ ሕዝቡ ይንቃ፣ ይደራጅ፣ ይታጠቅ» አለ፤ «ሂሳዊ ድጋፍ» ይሉታል። ተቀናቃኙ የግራ ድርጅት ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ!» አለ። የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ሲጽፍ የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» ይመልሳል። ቀጥሎ ጥይት መጣ። የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ መስከረም 1969 ዓ.ም ተገደለ። የአንድ ትውልድ ልጆች፣ ያው ማርክስን ያነበቡ፣ በየመንገዱ ተጠባበቁ። እኔ ለማናቸውም አልፈርድም፤ ደርጉ ግን ሁለቱንም ቆሞ አየና በየተራ ጨረሳቸው።

ነሐሴ 1969 ዓ.ም መኢሶን ኅቡዕ ገባ። መሪው ኃይሌ ፊዳ፣ የአርጆው ልጅ፣ ፈረንሳይ የተማረው፣ የኦሮምኛን ሰዋስው የጻፈው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ተያዘ። በ1971 ዓ.ም እስር ላይ ሳለ ገደሉት። ደርግ የራሱን ፓርቲ፣ ኢሠፓን፣ ያቆመው ከዚያ በኋላ ነው፤ መስከረም 1977 ዓ.ም።

ኢሠፓም ሄደ። የ1967ቱ አዋጅ የሕዝብ ያደረገውን መሬት ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አጸናው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ወላይታ ላይ የዛሬው ጭቅጭቅ ከባለርስት ጋር አይደለም። ወንድማማች የአባታቸውን ማሳ ሲካፈሉ ለየአንዳንዳቸው የሚደርሰው አንሶ፣ አንዱ እርፉን ለወንድሙ ይተውና አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ይወጣል።