የባለአክሲዮኖች መርከብ፣ የሕዝብ መንገድ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1966 ሶ ሳው ቹንግ የተባለ ወጣት በሆንግ ኮንግ ደሴት የመርከብ ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ የረሃብ አድማ ጀመረ። ጥቁር ጃኬቱ ላይ ተቃውሞውን ጽፎበታል። ያስነሣው አምስት ሳንቲም ነበር። ስታር ፌሪ የተባለው የግል ኩባንያ የአንደኛ ማዕረግ ዋጋውን ከ20 ወደ 25 ሳንቲም ለማሳደግ መንግሥትን ጠይቆ ነበርና።

በማግስቱ ፖሊስ ወጣቱን አሰረው። ቀጥሎ በነበሩት ሌሊቶች የካውሉን ጎዳናዎች በረብሻ ታመሱ፤ አንድ ሰው ሞተ፣ ከ1,400 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ነገሩን ለመረዳት ኩባንያው ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

ሆንግ ኮንግን ባሕር ለሁለት ይከፍላታል። በደቡብ ደሴቲቱ፣ በሰሜን የካውሉን ባሕረ ገብ መሬት፣ በመካከል ቪክቶሪያ ወደብ አለ። ይህን ውኃ በመደበኛ የእንፋሎት ጀልባ ማሻገርን ቋሚ ንግድ ያደረገው ዶራብጂ ናኦሮጂ ሚታይዋላ ነው። የሕንድ ፓርሲ ሲሆን፣ ሆንግ ኮንግ ሲደርስ ኑሮውን በወጥ ቤት ሠራተኛነት እንደጀመረ ይነገራል። በ1888 የካውሉን ፌሪ ኩባንያን አቋቋመ። ለጀልባዎቹም የንጋት ኮከብ፣ የምሽት ኮከብ እያለ ስም አወጣላቸው፤ እያንዳንዷ 100 ያህል ሰው ትጭን ነበር።

ሚታይዋላ በ1898 ወደ ሕንድ ለመመለስ ሲነሣ ኩባንያውን የገዙት የካውሉንን የወደብ መጋዘኖች የያዙት ነጋዴዎች ናቸው። ከጀርባቸው ታላቁ የጃርዲን ንግድ ቤትና ባለሀብቱ ፖል ቻተር ነበሩ። የካውሉን መሬትና መጋዘን ዋጋ የሚኖረው ሰው በቀላሉ ሲደርስበት ነው፤ ስለዚህ መሻገሪያውን መያዝ ለእነርሱ ትርፉ ድርብ ነበር። ኩባንያው ስታር ፌሪ የሚለውን ስም የያዘው ያኔ ነው።

የመርከቦቹ አሠራር ራሱ ለተጣደፈ ከተማ የታሰበ ነው። ፊትና ኋላቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ ለመመለስ መዞር አያስፈልጋቸውም። የወንበሮቹ መደገፊያም ወዲያና ወዲህ ይገለበጣል፤ መንገደኛው ሁልጊዜ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ይቀመጣል። ላይኛው ፎቅ ለአንደኛ ማዕረግ፣ ታችኛው ለሁለተኛ ማዕረግ ተመደበ። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ የባንኩ ሹምና የቀን ሠራተኛው በአንድ መርከብ ተሻገሩ።

በዲሴምበር 1941 የጃፓን ጦር ካውሉንን ሲይዝ እነዚሁ መርከቦች ወታደሮችን ወደ ደሴቲቱ አሸሹ። በወረራው ዘመን ጎልደን ስታር የተባለችው በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተመትታ ሰጠመች። ከጦርነቱ በኋላ ከውኃ ወጥታ፣ ተጠግና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንግዲህ በ1966 የተነሣው ቁጣ ይህ ሁሉ ታሪክ ከኋላው ነበረው። በወደቡ ላይ ድልድይ አልነበረም፤ ከሥሩም መተላለፊያ ገና አልተቆፈረም። የሁለተኛ ማዕረግ 10 ሳንቲም ባይነካም፣ የመርከቡ ዋጋ ከጨመረ የሌላውም ይከተላል የሚል ሥጋት ነበር። የከተማ ምክር ቤት አባሏ ኤልሲ ኤሊየት ከ20,000 በላይ ፊርማ አሰባስባ ተቃወመች። ጭማሪው ግን ጸደቀ። ሆኖም መንግሥት የረብሻውን መንስኤ የሚመረምር ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደደ፤ ኮሚሽኑም በገዥዎቹና በሕዝቡ መካከል የነበረውን ርቀት አደባባይ አወጣው።

በ1972 የመኪና መተላለፊያው፣ በ1980 ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡሩ ወደቡን በሥሩ አቋረጡ። መርከቡ ብቸኛው መንገድ መሆኑ ቀረ። ያም ሆኖ የሕዝቡ ባለቤትነት ስሜት አልቀዘቀዘም። መንግሥት ባሕሩን በአፈር ሞልቶ መሬት ለማስፋት በ1957 የተሠራውን ጣቢያ ሊያፈርስ ሲነሣ፣ የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 11 ቀን 2006 እጅግ ብዙ ሰው ወጥቶ ተሰናበተው። በቀጣዩ ወር ወጣቶች የጣቢያውን የሰዓት ማማ ለማዳን ወደ ግንባታው ቦታ ገቡ። ማማው ፈረሰ፤ ሙግቱ ግን ስለ ቅርስ አጠባበቅ የመንግሥትን ፖሊሲ አስለወጠ።

ስታር ፌሪ ዛሬም በግል ባለሀብቶች እጅ ነው፤ መርከቦቹም ይሠራሉ። በሕግ ዓይን የአክሲዮኑ ባለቤት አንድ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለሥራው፣ ለትምህርቱና ለዘመድ ጥየቃው በየዕለቱ የሚመላለስበት መንገድ ሌላም ባለቤት አለው። የሕዝብን መንገድ በንግድ የያዘ ሁሉ የትርፍና ኪሣራ መዝገቡን ሲዘጋ ይህን ሁለተኛ ባለቤት መቁጠር ይገባዋል፤ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥትም እንዲሁ። የሆንግ ኮንግ መንግሥት በ1966 ሳይቆጥረው ቀርቶ፣ ዋጋው ከአምስት ሳንቲም እጅግ የበለጠ ሆነ።