ጉባኤው ምን አለ?

«ጉባኤ» የሚለውን ቃል የወረስነው ከግእዝ ሲሆን ፍቺውም መሰብሰብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ጉባኤ ቤት» ሲባል ደግሞ መምህሩ የሚያስተምርበት፣ ደቀ መዝሙሩም ጠይቆ የሚረዳበት ስፍራ ነው። «ፓናል» ግን እስከ ዛሬ የረጋ የአማርኛ ስም አልወጣለትም። በጥንቱ የእንግሊዝ ችሎት ቃሉ ለዳኝነት የሚጠሩ ሰዎች ስም የሚጻፍበትን ቁራጭ ብራና ያመለክት ነበር። ስለ ቴክኖሎጂ በሚደረጉ የፓናል ውይይቶች በአስተርጓሚነት የተቀመጠ ሰው ይህ ጥንታዊ ፍቺ ፈጽሞ የጠፋ አይመስለውም፤ ከብዙዎቹ ውይይቶች የሚተርፈው የስም ዝርዝር ነውና።

በ1996 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ ምድር ሁለት ታላላቅ ጉባኤዎች ተካሂደው ነበር። አንደኛው አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚኒስትሮች ጉባኤ ሲሆን፣ አህጉሪቱን ወደ መረጃ ዘመን ያሸጋግራል የተባለውን መርሐ ግብር አጸደቀ። ሰነዱ በ2010 እያንዳንዱ አፍሪካዊ ወንድና ሴት፣ ተማሪና መንደር በኮምፒውተርና በቴሌኮሙኒኬሽን አማካይነት ዕውቀት የሚያገኙበትን አህጉር በራእይ አሳየ። ሁለተኛው በቦረና የተካሄደው 37ኛው ጉሚ ጋዮ ነው።

ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ የሚጠራ የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ ነው። በኬንያ በኩል ያሉ ቦረናዎችም ድንበር ተሻግረው ይገኙበታል። በምርቃት ተከፍቶ፣ ነባሩ ሕግ እንዴት እንደ ተጠበቀ ተመርምሮ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ግጦሽና ስለ ጋብቻ ክርክር ይደረጋል፤ ተሰብሳቢው እስኪስማማም ቀናት ያልፋሉ። በመጨረሻ የተወሰነው ሕግ በአደባባይ ይታወጃል፤ አዋጁም «ለለባ» ይባላል። ጉሚ ጋዮ እንከን የለውም ለማለት አይደለም፤ በገዳ ሥርዓት የሥልጣኑ መንበር የወንዶች ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ስለ ምን እንደሚመከር፣ ንግግሩ በምን ሥርዓት እንደሚመራና ውሳኔው ለማን መድረስ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ነው።

የአዲስ አበባውን ጉባኤ ሌሎች ብዙ ጉባኤዎች ተከትለውታል። በኦክቶበር 1999 የመጀመሪያው የአፍሪካ ልማት መድረክ ግሎባላይዜሽንንና የመረጃ ዘመንን ርእስ አድርጎ በዚያው ከተማ ተሰበሰበ። የዓለም የመረጃ ኅብረተሰብ ጉባኤም በ2003 በጄኔቫ፣ በ2005 በቱኒስ ተካሄደ። ራእዩ የቀጠረው 2010 ሲደርስ ግን ኢንተርኔት የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም ነበር። ለዚህ ተጠያቂው ስብሰባ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ድህነት፣ የመብራት እጥረትና የቴሌ ሞኖፖል የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ቢሆንም «ያለፈው ቃላችን የት ደረሰ?» ብሎ በሕዝብ ፊት መጠየቅ በእነዚህ አዳራሾች ብዙም አልተለመደም።

ተቃርኖው ጎልቶ የወጣው በ2022 ነው። 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር መድረክ ከኖቬምበር 28 እስከ ዲሴምበር 2 በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ከዋና ዋና ርእሶቹ አንዱ ሰዎችን ሁሉ ማገናኘትና ሰብአዊ መብትን መጠበቅ ነበር። በዚያው ሰሞን አብዛኛው የትግራይ ሕዝብ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጦ ነበር። የመብት ተሟጋቾች ነገሩን አስቀድመው አሳስበዋል። ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው ሰው ግን ውይይቱን በርቀት ልከታተል ቢል እንኳ መስመር አልነበረውም።

የዝግጅት ጉድለት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የማይክሮፎን መበላሸትንና የምሳ መዘግየትን ነው። ከአስተርጓሚው ክፍል ሲታይ ግን ሥሩ ሌላ ነው። ንግግር ወዲያው በጆሮ ማዳመጫ የመተርጎም ሙያ ዓለም አቀፍ ዝናን ያገኘው ከ1945 ጀምሮ በተካሄደው የኑረምበርግ ችሎት ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ሁለት ሰዎች በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ እየተቀባበሉ ይሠሩታል። አስተርጓሚው ጽሑፉን ቀድሞ ካላገኘ፣ ተናጋሪውም የ30 ደቂቃውን ንባብ በ10 ደቂቃ ካንበለበለው፣ አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። የመክፈቻ ንግግሮች ጠዋቱን ይወስዱታል፤ ስድስት ተወያዮች ቀሪውን ይሻሙታል፤ ከዚያም «ጊዜ ስላጠረን» ተብሎ የአድማጩ ጥያቄ ይታለፋል። ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት የሥራ ቋንቋዎች መካከል አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም ስለሌሉ፣ ትርጉሙ የተሟላ በሆነበት ቀን እንኳ የአገሬው ሰው ባይተዋር ነው።

ቴክኖሎጂ በጉባኤ አይመከርበትም የሚል ካለ፣ ይህ አንቀጽ የተጻፈበት ፊደል መልስ ይሰጠዋል። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የተካተተው በስብሰባ ነው። ሆኖም በዚያ ዓይነቱ ስብሰባ ሐሳቡ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ሰነዱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተቃውሞውና መልሱ ይመዘገባል፤ የተወሰነውም ይታተማል። ዛሬ በእጅ ስልክ አማርኛ የምንጻጻፈው ከዚህ አሰልቺ ሥርዓት የተነሣ ነው።

በኬንያዋ ሞያሌ፣ በጎዶማ ለሚኖር ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከድንበሩ በወዲህ ኤምፔሳ የተጀመረው በ2007 ነው፤ በወዲያ ቴሌብር የመጣው በ2021፣ ኤምፔሳም ራሱ በ2023 ነው። በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሰዎች በስልክ ገንዘብ ለመላክ ከአሥር ዓመት በላይ ተለያይተው የቆዩት፣ በሩቅ አዳራሾች በተወሰነው ወይም ሳይወሰን በቀረው ነገር ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች ጽሑፉን አስቀድመው ቢበትኑ፣ ከሰዓቱ እኩሌታውን ለጥያቄ ቢተዉ፣ ውሳኔውን ከአስፈጻሚው ስምና ከቀነ ቀጠሮው ጋር በአገሬው ቋንቋ ቢያወጡ፣ ቀጣዩንም ስብሰባ ያንኑ በማንበብ ቢከፍቱ፣ ወጪው እምብዛም አይጨምርም። በአገራችን ከሩቅ የመጣ ሰው ወሬ ይጠየቃል። ከጉባኤ የተመለሰም «ጉባኤው ምን አለ?» ሲባል የሚመልሰው ሊኖረው ይገባል።