ከክሎራል እስከ አልጋ ሥርዓት፦ የእንቅልፍ እጦት ሕክምና ታሪክ

ሥር የሰደደ እንቅልፍ እጦት ያስመረረው ሕመምተኛ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ኪኒን ነው። የእንቅልፍ መድኃኒቶች ታሪክ ግን ጥንቃቄን ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. በ1869 ጀርመናዊው ኦስካር ሊብራይሽ ክሎራል ሃይድሬትን ለእንቅልፍ ማምጫነት አስተዋወቀ፤ ብዙዎችም የሱሱ ተገዥ ሆኑ። በ1903 ኤሚል ፊሸርና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ባርቢታልን አቀረቡ። እርሱን የተከተሉት ባርቢቹሬቶች የሚያስተኛው መጠን ከሚገድለው ብዙ ስለማይርቅ የብዙዎችን ሕይወት ቀጠፉ። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ያለ ማዘዣ መሸጥ የጀመረው ታሊዶማይድ እጅግ አስተማማኝ ተብሎ ነበር፤ በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ግን በርካታ ሺህ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ ተወለዱ። ከ1960 ወዲህ የተስፋፉት ቤንዞዲያዜፒኖች፣ ከባርቢቹሬቶች ይልቅ አደጋቸው ቢያንስም፣ ጥገኝነትንና በአረጋውያን ላይ መውደቅን አስከትለዋል።

በ1972 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ቡትዚን ሌላ መንገድ አሳየ፦ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፣ አልጋ ላይ አለመሥራትና አለመጨነቅ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል መነሣት፣ ዘወትር በአንድ ሰዓት መንቃት፣ ቀን አለመተኛት። አልጋ የጭንቀት ሳይሆን የእንቅልፍ ምልክት እንዲሆን ነው። አንድ ክፍል ብቻ ባለው ቤትም ከአልጋ ወርዶ በርጩማ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ይህን ምክር የሚያካትተውን የባሕርይ ሕክምና የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለአዋቂዎች ቀዳሚ ሕክምና አድርጎታል።

እንግዲህ ማዘዣ ከመጻፋችን በፊት የሕመምተኛውን የመኝታ ልማድ እንጠይቅ። ቤንዞዲያዜፒን ለረጅም ጊዜ የወሰደውንም በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እየቀነስን እናስቁመው።