የአረቄ ማውጫ
ሸክላ፣ መቃ፣ መዳብ

ከግራ ወደ ቀኝ ይመልከቱ። እሳት ላይ የሚጣደው እንስራ ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል የተዘጋጀውን ድፍድፍ ይይዛል። መቃው እንፋሎቱን ያሻግራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ዕቃ ተቀብሎ መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። መጋጠሚያው ላይ የደረቀው ጭቃ ቆሻሻ አይደለም፤ እንፋሎት እንዳያመልጥ የተመረገ ነው።

አልኮልና ውሃ አንዴ ከተዋሃዱ ወንፊትም ሆነ ማጥለያ ጨርቅ አይለያቸውም። የሚለያቸው ሙቀት ነው፤ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ዲስቲሌሽን ይለዋል። በባሕር ጠለል አልኮል በ78፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃው 92 ገደማ ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። ብዙ ተማሪ አልኮሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ውሃው የሚከተል ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ሁለቱም አብረው ይተናሉ፤ ብቻ በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው የአልኮል ድርሻ በድፍድፉ ካለው ይበልጣል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ብርቱ፣ የኋለኛው ቀጭን የሚሆነው ለዚህ ነው። ዳግም አረቄ የሚገኘውም የወጣውን እንደገና በመጣድ ነው፤ አረቄ አውጪዎቹ እናቶች ይህን የሚያውቁት ያለ ቴርሞሜትር ነው።

እባክዎ መጋጠሚያውን አይንኩ፤ ጭቃው ይፈረፈራል።