ከአገልግሎት ውጪ በሆኑ የፕላስቲክ ዕቃዎች ያለ አፈር አትክልት ማልማት

በከተማ የጓሮ አትክልት ሲነሳ አስቀድሞ የሚመጣው የቦታ ጥያቄ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ጓሮ ማለት ከልብስ ማስጫና ከውሃ በርሜል የተረፈች ጠባብ በረንዳ ናት። አፈርና ፍግ በጆንያ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት አድካሚ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሰፈሮችም በየዕለቱ መጠጣት የሚፈልግ ተክል ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ ገበያ ከሚቀርበው ሰላጣና ቆስጣ ከፊሉ በአቃቂ ተፋሰስ የተበከሉ ወንዞች ውሃ የሚለማ ሲሆን፣ በዚህ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶችና የአንጀት ጥገኛ ተውሳኮች መገኘታቸው በተለያዩ ጥናቶች ተመልክቷል። ሰላጣ ደግሞ ሳይበስል የሚበላ ነው።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ ስለ ከተማ ግብርና በስፋት ሲነገር ቆይቷል። ቦታና አፈር ለሌለው ነዋሪ ከሚመቹት ዘዴዎች አንዱ ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው ያለ አፈር አትክልት የማልማት ዘዴ ነው።

ተክል ከአፈር የሚፈልገው አፈሩን ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃና በውሃው የሚሟሟውን ማዕድን መሆኑን የጀርመን የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ዩሊየስ ፎን ዛክስና ቪልሄልም ክኖፕ እ.ኤ.አ በ1860ዎቹ በሙከራ አሳይተዋል። ይህንኑ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለምርት ያዋለውና በ1937 ሃይድሮፖኒክስ የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ጌሪኪ ነው። ቃሉ ‹‹ውሃ›› እና ‹‹ሥራ›› ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። በኢትዮጵያም ከአበባ እርሻዎች የተወሰኑት ጽጌረዳን የሚያለሙት በአፈር ሳይሆን በቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይ ነው።

ትልልቆቹ እርሻዎች ውሃውን በሞተር ያዘዋውራሉ። ለመኖሪያ ቤት የሚመረጠው ግን የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያዳበረውና ሞተርም ሆነ መብራት የማያስፈልገው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ዕቃው አንድ ጊዜ በማዳበሪያ ውሃ ይሞላና ችግኙ የሥሩ ጫፍ ብቻ ውሃውን እንዲነካ ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። ተክሉ ውሃውን በጠጣ ቁጥር ከፍታው እየወረደ ከላይ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። በዚያ እርጥብ ክፍት ቦታ የሚቀሩት ሥሮች አየር ይስባሉ፤ ታች ያሉት ውሃና ማዕድን ይወስዳሉ። ጀማሪዎች ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ሲጎድል አይተው እስከ አፉ ይሞሉታል። አየር የለመዱት ሥሮች ይታፈኑና ተክሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። መጨመር ካስፈለገ ከዕቃው ግማሽ ማለፍ የለበትም።

ለዕቃ የሚወጣ ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል። ለሙከራ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። የላይኛው ሲሶ ተቆርጦና ክዳኑ ወልቆ በታችኛው ክፍል ውስጥ ተገልብጦ ሲገባ እንደ ማጥለያ ሆኖ ችግኙን ይይዛል። ሙሉ ሰላጣ ለማድረስ ግን ወደ አራት ሊትር የሚጠጋ ውሃ ስለሚያስፈልግ የምግብ ዘይት የተሸጠበት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይመረጣል። ጀሪካኑ በፍል ውሃና በሳሙና ቅባቱ እስኪለቅ ይታጠባል። ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ የተቆረጠው የአንገት ክፍል ተገልብጦ በአፉ ላይ ይሰካል። ፀረ ተባይ፣ ቀለም ወይም የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይውልም። ከዕቃው ሥር ባለው የሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 1፣ 2 ወይም 5 ቁጥር ያለባቸው ይመረጣሉ፤ 3 ቁጥር ያለባቸው ይተዋሉ።

ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ በጨርቅ፣ በጋዜጣ ወይም በቀለም መሸፈን አለበት። ካልተሸፈነ ውሃው ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይበቅልና ለተክሉ የታሰበውን ይሻማል።

ዘሩ የሚፈላው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በሆነ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ ነው። ስፖንጁ በንጹህ ውሃ ርሶ መሐሉ ይሰነጠቅና ዘሩ ይገባል። ሰላጣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሞልቶት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ከነስፖንጁ ወደ ሃይላንዱ አንገት ይዛወራል። ዙሪያው በግንበኞች ዘንድ ሬድ አሽ በሚባለው ጠጠር ይደገፋል፤ ጠጠሩ የአተር ወይም የባቄላ ያህል ሆኖ አቧራው እስኪጠራ የታጠበ መሆን ይኖርበታል።

የሥራው ዋና ጉዳይ ማዳበሪያው ነው። ለእርሻ የሚሠራጩት ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ለዚህ አይሆኑም። ዩሪያ ለተክል የሚመቸው በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ከለወጡት በኋላ ነው፤ በጀሪካን ውስጥ ይህ ሥራ የሚሠራለት የለም። ኤን ፒ ኤስ ደግሞ ፖታሽየም የለውም። የፍግ ወይም የኮምፖስት ጭማቂ የሚጠቀሙም አሉ፤ ነገር ግን በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ይሸታል፣ አየሩንም ይጨርሳል።

ተስማሚ የሚሆነው ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ፣ ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች የተጨመሩበት ኤን ፒ ኬ ከካልሲየም ናይትሬትና ከማግኒዥየም ሰልፌት ጋር ነው። 4-18-38 የሚል ምጥጥን ባለው ኤን ፒ ኬ ሲሠራ ለ10 ሊትር ውሃ 6 ግራም ኤን ፒ ኬ፣ 3 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና 6 ግራም ካልሲየም ናይትሬት ይበቃል። በቅደም ተከተል እየተጨመረ አንዱ ሳይሟሟ ሌላው አይገባም፤ ካልሲየሙ መጨረሻ ነው። በደረቁ ከሌሎቹ ጋር ከተደባለቀ ወይም በጥቂት ውሃ አብሮ ከተበጠበጠ ከፎስፌትና ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ እንደ ኖራ ከሥር ይዘቅጣል፤ የዘቀጠውን ደግሞ ተክል አይጠጣውም። ‹‹ይጠንክር›› ተብሎ መጠኑ ቢጨመር ቅጠሉ ጫፉ ይቃጠላል።

ከላይ በተገለጸው መጠን ሲሰላ አንድ ኪሎ ኤን ፒ ኬ ከ400 በላይ ሰላጣ ያደርሳል። እንዲህ ያሉ ማዳበሪያዎች ግን ባብዛኛው የሚዘጋጁት ለትልልቅ እርሻ በ25 ኪሎ ከረጢት ነው፤ አሥር ጀሪካን ላለው አባወራ ይህ የዕድሜ ልክ ስንቅ ይሆናል። በመሆኑም ነዋሪውን ለመደገፍ የሚያስብ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም የሠራተኞች ማኅበር ዕቃ ገዝቶ ከማከፋፈል ይልቅ ሦስቱን ማዳበሪያዎች በግራም መዝኖ፣ ካልሲየሙን ለብቻው አሽጎና አጠቃቀሙን ጽፎ ቢያቀርብ የተሻለ ይሠራል። ጀሪካን በየቤቱ አለ።

ውሃውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ለስላሳ ሲሆን የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ከዚያ ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድና ሶዲየም የበዛባቸው በመሆናቸው የዝናብ ውሃ ይመረጣል። ተክሉ ማዕድኑን በሚገባ የሚወስደው የውሃው ፒ ኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን ነው። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ፒ ኤች ከፍ ብሎ ተክሉ ብረት እንዳጣ ያመለክታል።

በቆላማ ከተሞች ከማዳበሪያው እኩል የሚያሳስበው ትንኝ ነው። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ በ2013 የደንጊ ትኩሳት ተከስቶ ነበር፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በቤት ውስጥና በግቢ በሚጠራቀም ውሃ ነው። በ2016 በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝም እንዲሁ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ትፈለፈላለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗም በጥናት ተረጋግጧል። ክፍት የሆነ የማዳበሪያ ውሃ ለእነዚህ ትንኞች ምቹ መራቢያ ነው። ስለዚህ በአንገቱና በጀሪካኑ አፍ መካከል ያለው ክፍተት በጨርቅ መጠቅጠቅ፣ ጠጠሩም ሳይሳሳ መሞላት ይኖርበታል። በተቆረጠ ሃይላንድ ዙሪያ የሚቀረው ቀዳዳም በተመሳሳይ ይደፈናል። ይህ በማይደረግበት ቤት ባይሠራ ይሻላል።

በአሠራሩ የሚሳካው ቅጠላ ቅጠል ነው። ሰላጣ ከተዛወረ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ይደርሳል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ያስፈልገዋል። ቆስጣና ጎመን የውጪው ቅጠል እየተቆረጠ ደጋግሞ ይበላል። በሶብላም ይስማማዋል። ቲማቲም ሰፊ ዕቃና ብዙ ውሃ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይመከርም፤ ድንችና ካሮት ከነጭራሹ አይታሰቡም። ሙቀት በሚበረታባቸው ቦታዎች ሰላጣ ቶሎ አብቦ ይመራል፤ ውሃውም ሲሞቅ አየር ስለሚያንሰው ጀሪካኑ ነጭ ተቀብቶ ከቀትር ፀሐይ መከለል አለበት። እንዲህም ሆኖ አሥር ጀሪካን የቤተሰብን ቀለብ አይሸፍንም፤ የሚሰጠው ምንጩ የሚታወቅ ሰላጣ ነው።

ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ የተረፈው የማዳበሪያ ውሃ ወደ ፍሳሽ ቦይ አይደፋም፤ ለግቢ ዛፍ ወይም ለአበባ ማሰሮ ይውላል። በጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ሥር በሽቦ ተስቦ ይወጣና ዕቃው በረኪና በተጨመረበት ውሃ ታጥቦ፣ በንጹህ ውሃ ተለቅልቆና ደርቆ ለሚቀጥለው ችግኝ ይዘጋጃል።