ታትሪዝ፦ የፍልስጤም ሴቶች የእጅ ጥልፍ

ታትሪዝ የፍልስጤም ሴቶች በመርፌና በክር የሚሠሩት ባህላዊ ጥልፍ ነው። ቃሉ በዓረብኛ «ጥልፍ» ማለት ሲሆን፣ ሥራው ጎልቶ የሚታየው «ቶብ» በሚባለው ረጅም ቀሚስ ላይ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን፣ በአብዛኛውም የወንድ ሸማኔ ሥራ ነው፤ ታትሪዝ ግን ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ የሚጠለፍ የሴት እጅ ሥራ ነው።

ዋናው ስፌት መስቀልኛ ይባላል። ጠላፊዋ የጨርቁን ድርና ማግ እየቆጠረች ትንንሽ መስቀሎችን ትደረድራለች፤ ቆጠራዋ በአንድ ክር ከተዛነፈ ስህተቱ እስከ ዳር ስለሚከተላት ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ከነዚህ መስቀሎች የፈረንጅ ጥድ፣ ኮከብ፣ «የቤተልሔም ጨረቃ»ና «የፓሻው ድንኳን» ይወጣሉ። ጥልፉ የጠበቀ ቀሚስ ወራት ይፈጃል። ልጃገረዶች ሙያውን ከእናትና ከአያት ተምረው የሰርግ ልብሳቸውን ራሳቸው ይጠልፉ ነበር።

ቤተልሔም የራሷ ስልት አላት። እዚያ የሐርና የወርቅ ዘቦ ክር በጨርቁ ገጽ ላይ እየተጠማዘዘ ይነጠፍና በቀጭን ስፌት ይያዛል። ግርማው የተለየ ስለነበር የሌላ መንደር ሙሽሮች ሳይቀሩ የደረት ጥልፋቸውን ከዚያ ያስመጡ ነበር። በነገብ በረሃ ባሉ በደዊን ዘንድ ደግሞ ቀይ ያገባች ሴት ቀለም ሲሆን፣ ሰማያዊ ላላገባችና ባሏ ለሞተባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዲ.ኤም.ሲ. የተባለው የፈረንሳይ ጥጥ ክር ሐሩን እየተካ መጣ፤ አብረውት የመጡት የንድፍ መጻሕፍትም የአውሮፓ አበቦችንና ወፎችን ጨመሩ።

ቀድሞ ቀሚሷን ያየ ሰው ሴቲቱ የየት መንደር እንደሆነች ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ሲፈናቀሉ ይህ ተናጋ። ያፋ አጠገብ የነበረችው ቤት ደጃን ነዋሪዎቿን አጣች፤ በየሙዚየሙ ያሉት ቀሚሶቿ ግን ዛሬም በስሟ ይጠራሉ። የተለያየ መንደር ሴቶች በስደተኞች መጠለያ ጎን ለጎን ሲኖሩ ንድፎቻቸው ተቀላቀሉ። ጥልፍ መተዳደሪያም ሆነ፤ ሳሚሓ ኻሊል እ.ኤ.አ. በ1965 በአልቢራ ከተማ የመሠረቷት ኢንዓሽ አልኡስራ የተባለች ማኅበር ለብዙ ሴቶች የጥልፍ ሥራ ሰጥታለች።

እ.ኤ.አ. በ1987 የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን ሕዝባዊ ዓመፅ) ሲፈነዳ፣ እስራኤል በያዘቻቸው ግዛቶች የፍልስጤምን ባንዲራ ማውለብለብ ክልክል ነበር። ሴቶቹ አራቱን የባንዲራ ቀለሞች፣ የአገራቸውን ካርታና በኢየሩሳሌም ያለውን የዐለት ጉልላት ቀሚሳቸው ላይ ጠለፉ። እነዚህ «የኢንቲፋዳ ቀሚሶች» ይባላሉ፤ የተሠሩት በየቤቱ ስለነበር የጠላፊዎቹ ስም በአብዛኛው አልተመዘገበም።