«አልጫ» ስለሚለው ቃል አጭር ሐተታ፤ ከሐርላ ፍርስራሽ በመነሣት

ከድሬ ዳዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐርላ፥ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት የተጀመረው ቁፋሮ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፥ የመስታወት ጨሌ፥ ዛጎልና ከቻይና ድረስ የመጣ የሸክላ ስባሪ አስገኝቷል። የአካባቢው ሰዎች ግን የድንጋዮቹን ትልቅነት አይተው ሥፍራው የግዙፋን ከተማ ነበረ ይላሉ። ሐርላ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተፈታለች።

ስለዚህ ፍርስራሽ ስንነጋገር ከተማሪዎቻችን አንዱ፥ «በርበሬ ከአሜሪካ የወጣው ከ1492 በኋላ ነውና የሐርላ ሰዎች አልጫ ብቻ ይበሉ ነበር» አለ። የዘመን አቈጣጠሩ ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን አሳስቶታል።

ዛሬ አልጫ ስንል በርበሬ ያልገባበትን፥ በእርድ፥ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የሚሠራውን ወጥ ማለታችን ነው፤ የበግ አልጫ፥ ክክ አልጫ እንዲሉ። ሆኖም ባለሙያዪቱ ቀይ ወጥ ቀምሳ «አልጫ ሆነ» ብትል እጇን የምትሰደው ወደ በርበሬው ሳይሆን ወደ ጨው ዕቃው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 13 የአማርኛው ትርጓሜ ጣዕሙን ያጣውን ጨው በዚሁ ቃል ይጠራዋል፤ ግእዙ በዚያ ሥፍራ ለስሐ የሚለውን ግስ ይዟል። ጨው በርበሬ ሊጐድለው አይችልምና፥ የዚህ ቃል መሠረት የጣዕም ማጣት ነው።

በሰው ላይ ሲነገርም የሚከተለው ይህንኑ ነው። «አልጫ ሰው»፥ «አልጫ ቀልድ» ስንል ለዛ የጐደለውን እንጂ የማያቃጥለውን አንነቅፍም። (የማያቃጥል ሰው ቢገኝማ በተመሰገነ ነበር።) ስድቡ ግን በጨውም በቅመምም ሙሉ በሆነው ወጥ ላይ ያለ ጥፋቱ ጥላውን ጥሎበታል።

የበርበሬ-አልባነቱ ትርጕም እንግዲህ በርበሬ የወጥ ደንብ ከሆነ በኋላ የተጨመረ ይመስለናል። ሁሉም ወጥ ያለ በርበሬ በሚሠራበት ዘመን አንዱን ከሌላው በዚህ ለመለየት ስም አያስፈልግም ነበርና። የዝንጅብልና የቁንዶ በርበሬ ማቃጠል ግን ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር፤ ቁንዶ በርበሬ ከህንድ በባሕር የሚመጣ የጥንት ሸቀጥ ነው። ይህ ማለት የሐርላ ሰዎች አማርኛ ይናገሩ ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ አማርኛ ተናጋሪ ነጋዴ በዚያ ገበታ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ፥ ጨው የበቃውን የሥጋ ወጥ ቀምሶ «ወጥ» ብቻ ይለው ነበር፤ አልጫ የሚለውም ባለቤቲቱ ጨው ረስታ እንደ ሆነ ነው።